መከላከያ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሕፃናትና በጊዜ የሚደረግ የመቅኔ ንቅለ ተከላ



ልጅ የአላህ ስጦታ ነው፤ አደራም ነው። በየሰፈራችን ግን «ልጅ አይበረክትላትም» እየተባለ የሚታዘንላቸው እናቶች አሉ። ጤናማ የሚመስል ልጅ ይወልዳሉ። ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በደንብ ይጠባል፣ ይፋፋል። ከዚያ ሳሉ ይጀምራል፤ ተቅማጡ አልቆም ይላል፤ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ይወጣል። መድኃኒት ሲሰጠው ትንሽ ሻል ይለውና ተመልሶ ይታመማል፤ ዓመት ሳይሞላውም ይሞታል። ከሁለት ዓመት በኋላ የተወለደው ወንድሙም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ጎረቤት ሾተላይ ነው ይላል፤ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል።

ሕፃናት የሚሞቱበት ምክንያት ብዙ ነው። ሐኪሞች ዛሬ ሾተላይ የሚሉትም የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣምን እንጂ ይህን ዓይነቱን አይደለም። ሆኖም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሕፃናት ተከታትለው በኢንፌክሽን ሲሞቱ ሊታሰብ የሚገባው አንድ ሕመም አለ። እርሱም ሕፃኑ በሽታ የመከላከል አቅም ሳይኖረው የሚወለድበት ነው። በዚህ ወር አምዳችን ስለዚህ ሕመም፣ ስለ ፈውሱና ፈውሱ ለምን በጊዜ መሆን እንዳለበት እንወያያለን።

ሕመሙ ምንድን ነው?

አላህ ሰውነታችንን ሲፈጥር ከውጭ የሚመጡ ጀርሞችን የሚዋጋ ሠራዊት አብሮ ሰጥቶናል። ይህ ሠራዊት ነጭ የደም ሴሎች ይባላል፤ የሚመረተውም በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ከነዚህ ሴሎች መካከል ቲ ሴል የሚባሉት ከመቅኔ ወጥተው ደረት ውስጥ፣ ከልብ በላይ ወዳለ ታይመስ ወደሚባል እጢ ይሄዳሉ። እዚያ ተሞርደውና ሠልጥነው ይወጣሉ። ቢ ሴል የሚባሉት ደግሞ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታሉ። ቲ ሴሎች እንደ አዛዥ ስለሆኑ እነርሱ ከሌሉ ቢ ሴሎች ቢኖሩም ሥራቸውን በሚገባ አይሠሩም።

አንዳንድ ሕፃናት በዘረመላቸው ላይ በተፈጠረ ጉድለት ምክንያት ቲ ሴል ሳይኖራቸው ይወለዳሉ። ይህ ከባድ ጥምር የመከላከል አቅም ጉድለት ይባላል። «ጥምር» የተባለው የቲ ሴልም የቢ ሴልም ሥራ አብሮ ስለሚጠፋ ነው። ለሌላው ሕፃን ተራ ጉንፋን የሆነው ለዚህ ሕፃን ገዳይ ነው። ሕክምና ካላገኘ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በላይ አይኖርም።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት የተመረመሩበት ጥናት ውጤቱ ሲታወቅ ከ58,000 ሕፃናት አንዱ ይህ ሕመም እንዳለበት ታይቷል። የሥጋ ዘመዶች በሚጋቡባቸው ማኅበረሰቦች ግን ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል።

ለምን ወዲያው አይታወቅም?

ሕፃኑ ሲወለድ ክብደቱም መልኩም እንደማንኛውም ሕፃን ነው። በእርግዝና ጊዜ ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል የተሻገሩ ፀረ እንግዳ አካላት ስላሉት ለጥቂት ወራት በእነርሱ ይጠበቃል። ይህ ስንቅ እየተመናመነ ሲሄድ ጉድለቱ ይገለጣል። ስለዚህ ቤተሰቡ «ደህና ነበር እኮ!» ማለቱ እውነት ነው። የሚያሳዝነው ግን ደህና መስሎ የሚታይባቸው እነዚያ ሳምንታት ለሕክምናው ከሁሉ የተሻሉት ጊዜያት መሆናቸው ነው።

ከየት ይመጣል?

ጉድለቱ በተለያዩ ዘረመሎች ላይ ሊፈጠር ይችላል። በብዛት ከሚታወቁት አንዱ ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1993 የተደረሰበትና በኤክስ ክሮሞዞም የሚተላለፈው ነው። በዚህኛው ዓይነት እናትየዋ ራሷ ጤነኛ ሆና ጉድለቱን ትሸከማለች፤ የሚታመሙት ወንዶች ልጆቿ ናቸው። እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሴቶች ልጆቿም በዚያው መጠን እንደ እርሷ ተሸካሚ ሊሆኑ ይችላሉ። በአንድ ቤተሰብ የእናቲቱ ወንድሞች ወይም የእህቶቿ ወንዶች ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተው ከነበረ ይህ ትልቅ ምልክት ነው።

ሌሎቹ ዓይነቶች የሚከሰቱት አባትም እናትም ተመሳሳይ ጉድለት ሲሸከሙ ነው። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ በእያንዳንዱ እርግዝና ግን ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ወንድም ሴትም ይታመማሉ። የአጎትና የአክስት ልጆች ሲጋቡ ሁለቱም አንድን ጉድለት ከአንድ አያት የመውረስ ዕድላቸው ከፍ ስለሚል ይህ ዓይነቱ ይበዛል። በኢስላም የአጎት ልጅን ማግባት የተፈቀደ እንጂ ግዴታ አይደለም። በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ዓይነት የሕፃናት ሞት ካለ ከጋብቻ በፊት ሐኪም ማማከር ብልህነት ነው።

እዚህ ላይ ለባሎችና ለአማቶች አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ጉድለቱ በእናት በኩል ቢመጣም እናት ጥፋተኛ አይደለችም። ማንም ዘረመሉን መርጦ አልተወለደም። ልጆቿን የቀበረችን ሴት «ዘሯ ነው» እያሉ ማቁሰል ወይም በዚህ ምክንያት መፍታት በደል ላይ በደል መጨመር ነው።

ንቅለ ተከላው እንዴት ይደረጋል?

«ንቅለ ተከላ» ሲባል ብዙ ሰው ሆድ ተቀዶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ይመስለዋል። የመቅኔው እንዲህ አይደለም። ለጋሹ በማደንዘዣ ይተኛል፤ ከዳሌው አጥንት በመርፌ መቅኔ ይቀዳለታል። የተቀዳው መቅኔ ለሕፃኑ ልክ እንደ ደም በደም ሥሩ ይሰጠዋል። በውስጡ ያሉት ግንድ ሴሎች መንገዱን ራሳቸው ያውቁታል፤ በደም ተጉዘው ወደ ሕፃኑ አጥንት ገብተው ይሰፍራሉ። ከዚያ አዳዲስ ሴሎችን ያመርታሉ፤ እነርሱም ወደ ታይመስ ሄደው ቲ ሴል ይሆናሉ። የለጋሹ መቅኔ በሳምንታት ውስጥ ራሱን ይተካል። ዳሌው አካባቢ ለጥቂት ቀናት ሕመም ሊሰማው ይችላል።

ችግሩ ማን ይስጥ የሚለው ነው። የለጋሹና የሕፃኑ ሴሎች መለያ ካልተመሳሰለ፣ ከለጋሹ የመጡት የበሰሉ ቲ ሴሎች የሕፃኑን ቆዳ፣ ጉበትና አንጀት እንደ ባዕድ ቆጥረው ይወጋሉ። ምርጡ ለጋሽ መለያው የሚመሳሰል ወንድም ወይም እህት ነው፤ እያንዳንዱ ወንድም ወይም እህት የመመሳሰል ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ካልተገኘ አባት ወይም እናት በግማሽ ስለሚመሳሰሉ ከመቅኔያቸው ላይ ጎጂዎቹ ቲ ሴሎች ተለይተው ወጥተው ቀሪው ይሰጣል። ይህ ዘዴ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ብዙ ሕፃናትን አትርፏል። ዘመድ ያልሆነ ለጋሽና የእትብት ደምም ጥቅም ላይ ይውላሉ። ለአንዳንዶቹ የሕመሙ ዓይነቶች ደግሞ የሕፃኑን የራሱን መቅኔ ወስዶ ዘረመሉን አርሞ የመመለስ ሕክምና አለ።

ከንቅለ ተከላው በኋላ ሕፃኑ ወዲያው አይድንም። አዲሶቹ ቲ ሴሎች እስኪበረክቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ይወስዳል፤ እስከዚያ ከሰው ተለይቶ በጥንቃቄ መቀመጥ አለበት። አንዳንዶቹ ቢ ሴላቸው በሚገባ ስለማይሠራ ፀረ እንግዳ አካል በመርፌ ለረጅም ጊዜ መውሰድ ይኖርባቸዋል።

ሁለት ልጆች፣ ሁለት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሮበርት ጉድና ባልደረቦቻቸው ወደ አንድ የአምስት ወር ሕፃን ተጠሩ። ከእናቱ ወገን በርካታ ወንድ ሕፃናት በተመሳሳይ ሕመም ሞተው ነበር። ሐኪሞቹ የእህቱን መቅኔ ሰጡት። ልጁ ዳነ፤ አድጎም ሙሉ ሰው ሆነ። ለዚህ ሕመም የተሳካ የመጀመሪያው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ይህ ነው።

ሁለተኛው ልጅ ዳዊት ቬተር ይባላል። እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 1971 በቴክሳስ ሂዩስተን ከተማ ተወለደ። ወንድሙ ቀደም ብሎ በዚሁ ሕመም ስለሞተ ሐኪሞቹ ዳዊትን እንደተወለደ ከጀርም በጸዳ የፕላስቲክ ክፍል ውስጥ አስገቡት። የሚመሳሰለው ለጋሽ አልተገኘም። ስለዚህ እዚያው ውስጥ አደገ፤ ምግቡም መጫወቻውም መጽሐፉም ከጀርም እየጸዳ ይገባለት ነበር። እናቱ እንኳ የምትነካው በፕላስቲኩ ላይ በተገጠመ ጓንት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ በ1983፣ በግማሽ የሚመሳሰለው የእህቱ መቅኔ ተሰጠው። በመቅኔው ውስጥ ግን በወቅቱ በነበረው ምርመራ ያልታየ ቫይረስ ተደብቆ ነበር፤ ቫይረሱ ካንሰር አስከተለበት። ዳዊት የካቲት 22 ቀን 1984 አረፈ። በሕይወት እያለ የእናቱን እጅ ያለ ጓንት የነካው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነበር።

ዛሬ እንዲህ ዓይነት ሕፃን ዓመታትን በፕላስቲክ ውስጥ እንዲኖር አይደረግም። በተቻለ ፍጥነት ንቅለ ተከላው ይደረግለታል።

ለምን ቶሎ?

የዚህ ጽሑፍ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሬቤካ በክሊ የሚመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ጥናት፣ በተወለዱ በ28 ቀናት ውስጥ ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው ሕፃናት 95 በመቶዎቹ ተርፈዋል። ከዚያ በኋላ ከተደረገላቸው የተረፉት 74 በመቶ ናቸው። ገና በጨቅላነታቸው የተደረገላቸው ታይመሳቸው የተሻለ ስለሚሠራ ቲ ሴሎቻቸውም ይበረክታሉ።

በ2014 የወጣ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ ከ2000 እስከ 2009 በ25 ሆስፒታሎች የታከሙ 240 ሕፃናትን ተከታትሏል። ሦስት ወር ተኩል ሳይሞላቸው ከታከሙት ውስጥ 94 በመቶዎቹ አምስት ዓመት በሕይወት ቆይተዋል። ከዚያ ዕድሜ በኋላ ቢታከሙም ኢንፌክሽን ያልነካቸው 90 በመቶ፣ ኢንፌክሽን ይዟቸው የዳኑት 82 በመቶ ተርፈዋል። ኢንፌክሽን እያለባቸው የታከሙት ግን 50 በመቶ ብቻ ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ እነዚህን ቁጥሮች ልብ በሉ። ልዩነቱን ያመጣው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ሕፃኑ ንቅለ ተከላው ጋ ሲደርስ ኢንፌክሽን የያዘው መሆኑ ወይም አለመሆኑ ጭምር ነው። ስለዚህ የንቅለ ተከላ ማዕከል ሩቅ ለሆነበት ቤተሰብም ቢሆን፣ ቶሎ ማወቅና ሕፃኑን ከኢንፌክሽን መጠበቅ ትርጉም አለው።

ቶሎ ለማወቅ የሚረዳ ምርመራም አለ። ልብስ ሰፊ ባለበት ቁርጥራጭ ጨርቅ እንደማይጠፋ ሁሉ፣ ቲ ሴሎችም በታይመስ ውስጥ ሲሠሩ ትንንሽ የዘረመል ቁርጥራጮችን ይተዋሉ። ከሕፃኑ ተረከዝ በወረቀት ላይ በተወሰደ የደም ጠብታ ቁርጥራጮቹ ይፈለጋሉ፤ ከሌሉ ቲ ሴል አልተሠራም ማለት ነው። ይህን ምርመራ ለሁሉም ሕፃናት ማድረግ የተጀመረው በ2008 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ሲሆን፣ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በሃምሳዎቹም ግዛቶች ይደረጋል። እዚያ የምትኖሩ ወይም እዚያ የሚወልዱ ዘመዶች ያሏችሁ፣ ከሆስፒታል «ልጁን ለድጋሚ ምርመራ አምጡ» የሚል ስልክ ሲመጣ አትዘግዩ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሌላ ምክንያትም ሊጠሩ ስለሚችሉ አትደንግጡም። በአገራችን ይህ ምርመራ ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ ስለማይደረግ ምልክቶቹን ማወቅ የእኛ የወላጆች ድርሻ ነው።

ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ምልክቶች

- በተደጋጋሚ የሚይዝ ወይም በመድኃኒት የማይለቅ የሳንባ ምች፤
- በአፍ ውስጥ የሚወጣና ታክሞም የሚመለስ ነጭ ፈንገስ፤
- የማይቆም ተቅማጥ፤ ክብደት አለመጨመር ወይም መቀነስ፤
- የቢሲጂ ክትባት የተሰጠበት ቦታ አልድን ብሎ መመገሉ ወይም በብብት ሥር ትልቅ እብጠት መውጣቱ፤
- በቤተሰቡ ውስጥ በሕፃንነታቸው በኢንፌክሽን የሞቱ ልጆች፣ በተለይ ወንዶች፣ መኖራቸው።

ከእነዚህ አንዱ ብቻ ታየ ማለት ሕፃኑ ይህ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። ተቅማጥና የሳንባ ምች በብዙ ጤነኛ ሕፃናትም ላይ ይታያሉ። ሁለትና ሦስቱ ሲደራረቡ ግን ሐኪሙን «የመከላከል አቅሙ ይታይልን» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ኤች አይ ቪም ተመሳሳይ ምልክት ስላለው እርሱም አብሮ ይመረመራል።

የመጀመሪያው ምርመራ ውድ አይደለም። ሲቢሲ የሚባለው የተለመደው የደም ቆጠራ ነው። በውጤቱ ላይ የሊምፎሳይት ብዛት የሚባለውን ተመልከቱ። በትናንሽ ሕፃናት ይህ ቁጥር ከአዋቂ ሰው ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ ከ2,500 በታች ከሆነ ሐኪሙ ጉዳዩን ሊከታተለው ይገባል። ለአዋቂ ደህና የሆነው ቁጥር ለሕፃን አነስተኛ ስለሆነ አንዳንድ ጊዜ ሳይታይ ይታለፋል። ቁጥሩ ደህና ሆኖም ምልክቶቹ ከቀጠሉ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

እንጥል ማስቆረጥና ድድ ማስበጣት ግን ፈጽሞ መፍትሔ አይደሉም። መከላከያ ለሌለው ሕፃን ያ ቁስል የሞት በር ነው።

ሕመሙ ከተጠረጠረ እስከ ንቅለ ተከላው

ክትባት፦ ክትባት ለጤነኛ ሕፃን ጋሻ ነው፤ ማንም ይህን ጽሑፍ አንብቦ ልጁን ከክትባት እንዳያስቀር። ነገር ግን ሕያው የተዳከመ ጀርም ያለባቸው ክትባቶች፣ ማለትም ቢሲጂ፣ በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ፣ የሮታ ቫይረስና የኩፍኝ ክትባት፣ መከላከያ የሌለውን ሕፃን ራሳቸው ሊያሳምሙት ይችላሉ። ቢሲጂ የሚሰጠው ሕፃኑ እንደተወለደ ነው። ስለዚህ ከዚህ በፊት በቤተሰባችሁ እንዲህ ዓይነት ሞት ካለ ከመውለዳችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ፤ ምርመራው እስኪታወቅ ክትባቱን ማቆየት ይቻላል።

ደም፦ ሕፃኑ ደም የሚያስፈልገው ከሆነ በጨረር የታከመ ደም መሆን አለበት። አለበለዚያ በደሙ ውስጥ ያሉት የሌላ ሰው ቲ ሴሎች ሕፃኑን ሊገድሉት ይችላሉ።

መድኃኒት፦ ሐኪሙ የሳንባ ምችና ፈንገስ መከላከያ መድኃኒት እንዲሁም ፀረ እንግዳ አካል ያዝለታል። ደህና መስሎ ቢታይም አይቋረጥም።

ጡት፦ የእናት ጡት ለሕፃናት ሁሉ ከምግብ ሁሉ የበለጠ ነው፤ ቁርኣንም ማጥባትን እስከ ሁለት ሙሉ ዓመት አስቀምጦታል። ሳይቶሜጋሎ የሚባል ለጤነኛ ሰው የማያሳስብ ቫይረስ ግን በጡት ወተት ሊተላለፍ ይችላል፤ ለዚህ ሕፃን ደግሞ አደገኛ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ሲጠረጠር የእናት ደም ይመረመራል፤ ማጥባቷን መቀጠል ወይም ማቆየት እንዳለባት የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ወተቷ እንዳይደርቅ እያለበች መቆየት ትችላለች። በራሷ ውሳኔ ማቋረጥ የለባትም።

ሌላ ምግብ፦ ለማንኛውም አራስ ሕፃን ቅቤ ማላስ፣ ውኃና ጥቁር አዝሙድ መስጠት አያስፈልግም። ማር ፈውስ ያለበት መሆኑን እናምናለን፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል አይሰጥም። መከላከያ ለሌለው ሕፃን ደግሞ የሚሰጠው ሁሉ፣ ውኃውም ዕቃውም፣ የተፈላ መሆን አለበት። ጥሬ ወተት ክልክል ነው።

ተህኒክና ዓቂቃ፦ ሲወለድ ተምር አላምጦ ላንቃውን ማሸት የተወደደ ሱና ነው። ከላይ የጠቀስነው ቫይረስ በምራቅም ስለሚተላለፍ፣ በቤተሰብ ውስጥ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ምርመራው እስኪታወቅ ሐኪሙንና ዓሊሙን ያማክር። ዓቂቃው ይታረድ፤ ዘመድም ይብላ፣ ዱዓም ያድርግ። ሕፃኑ ግን ከእጅ ወደ እጅ አይዙር፣ አይሳም። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ሳል ያለበትን ሰው ከክፍሉ ማራቅ ለዚህ ሕፃን እንደ መድኃኒት ናቸው።

አንባቢያን የሚያነሷቸው ሸሪዓዊ ጥያቄዎች

መታከም ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳወረደ አስተምረው እንድንታከም አዘዋል። ሆኖም «የአንዱን አካል ለሌላው?» ብለው የሚያመነቱ አሉ። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳለፈው ውሳኔ፣ እንደ ደምና ቆዳ ያለ ራሱን የሚተካ የአካል ክፍል ከሰው ወደ ሰው ማስተላለፍ ለጋሹ ሙሉ የውሳኔ ችሎታ ያለው እስከሆነና ሌሎች ሸሪዓዊ መስፈርቶች እስከተሟሉ ይፈቀዳል ብሏል።

ለጋሹ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ቢሆንስ? በመካ የሚገኘው የሙስሊም ዓለም ሊግ የፊቅህ ምክር ቤት በ2003 ስለ ግንድ ሴሎች ባሳለፈው ውሳኔ፣ ከልጅ መውሰድ የሚፈቀደው አሳዳጊዎቹ ሲፈቅዱ፣ ሸሪዓዊ ጥቅም ሲኖርና በልጁ ላይ ጉዳት የማያደርስ ሲሆን እንደሆነ ገልጿል። ከእትብት መውሰድንም በወላጆች ፈቃድ ፈቅዷል።

«መቅኔ የሰጠችው ሴት እንደ ጥቢ እናት ወይም እህት ትሆናለች ወይ?» የሚለውም ይጠየቃል። ይኸው ምክር ቤት በ1989 ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን የሴት ደም ቢሰጠው የጥቢ ዝምድናን እንደማያስከትል ወስኗል፤ ያ ሕግ ለማጥባት ብቻ የተደነገገ ነውና። ውሳኔው የተሰጠው ስለ ደም ስለሆነ፣ የራሳችሁን ጉዳይ በቅርባችሁ ላሉ ዓሊም አቅርባችሁ ጠይቁ።

ምን እናድርግ?

ንቅለ ተከላው ልዩ ማዕከል፣ ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። ቤተሰብ ብቻውን የማይችለው ሸክም ስለሆነ ዘመድ፣ ጎረቤትና ጀመዓ መረዳዳት አለባቸው። ገንዘቡ እስኪሰበሰብ ግን ሁለት ነገሮች ዛሬውኑ ሊደረጉ ይችላሉ። አንደኛው የወንድሞችና የእህቶች የመመሳሰል ምርመራ ነው። ሁለተኛው ሕፃኑን ከኢንፌክሽን መጠበቅ ነው።

በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ የነበራት እናት እንደገና ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ የሞተው ልጅ ምን ምልክት እንደነበረው፣ ስንት ወሩ እንደነበረ፣ ከዘመድ ሌላ ማን እንደሞተ በወረቀት ጽፋ ወደ ሕፃናት ሐኪም ትሂድ። ልጁ እንደተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት ደሙ ይቆጠር። የቀደመው ልጅ ያለፈበት ምክንያት ለሚቀጥለው መዳኛ ሊሆን ይችላል።

አላህ የታመሙ ሕፃናትን ይማርልን፤ ለወላጆቻቸው ሶብር ይስጣቸው፤ ልጆቻቸው ያለፉባቸውንም በጀነት ያገናኛቸው። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።